የማረፊያ ቤቱ ሥራ ማስታወሻ፦ ደብረ ብርሃን፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት

ጥቅምት፣ ርክክብ

ቤቱን በዚህ ሳምንት ተረከብን። አራት ክፍል ያለው፣ ግድግዳው በባሕር ዛፍ ተማግሮ በጭቃ የተመረገ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አሮጌ ቤት ሲሆን፣ ባለቤቲቱ ለአምስት ዓመት ያለ ኪራይ እንድንገለገልበት ከሴቶች እድራችን ጋር በጽሑፍ ተዋውለዋል። ዓላማው በትዳር ውስጥ ድብደባና ሌላ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ከልጆቻቸው ጋር እስከ ሦስት ወር የሚቆዩበት ማረፊያ ማዘጋጀት ነው። ቀበሌውን በዚህ ማስታወሻ አልጽፍም፤ የገቡ ሴቶችን ጉዳይ በምጠቅስበትም ቦታ ሰውን ለይቶ የሚያሳውቅ ዝርዝር ትቻለሁ።

የመጀመሪያው ክርክር በአልጋ ቁጥር ላይ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ፣ ካገቡ ወይም አግብተው ከፈቱ ሴቶች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት ከትዳር አጋራቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል፤ በዚያው ጥናት አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸው ርዳታ የጠየቁት ግን 23 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሃያ አልጋ ብናዘረጋ ይሞላል ያለችውም አባል፣ አራት አልጋም ባዶ ይቀራል ያለችውም አባል የጠቀሱት አንድ ጥናት ነበር። በመጨረሻ ቁጥሩን የወሰነው ጥናቱ ሳይሆን የሽንት ቤቱና የወጥ ቤቱ አቅም ሆነ፤ ስምንት አልጋና ሁለት የሕፃን አልጋ ይበቃል ተባለ።

ገንዘቡ የተገኘው ከእድሩ መዋጮ፣ ከከተማው ነጋዴዎችና ውጭ አገር ከሚኖሩ የሰፈር ልጆች ነው። ከውጭ ስለሚመጣው ብር አንዳንድ አባላት ፈርተው ነበር፤ ፍርሃታቸውም መሠረት የሌለው አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠሩ ከልክሎ ስለነበር፣ በዚያ ዘመን ሥራቸው የተዳከመባቸውን ማኅበራት ሁሉም ያስታውሳል። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 መሻሩን የሕግ ባለሙያችን ጽሑፉን አምጥታ ካነበበችልን በኋላ ገንዘቡን ተቀበልን፤ ሆኖም ለብቻው በተከፈተ የባንክ ሒሳብ እንዲቀመጥ ተደረገ።

ጥቅምት መጨረሻ፣ መሠረትና ሽንት ቤት

አፈሩ መረሬ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ የደቡቡ ግድግዳ ከጥግ እስከ መስኮቱ የተተረተረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ግንበኛው ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፍኖ ቀለም ለመቀባት አስቦ ነበር፤ ይህ ዓይነቱ ጥገና ግን እስከ ሐምሌ ብቻ ነው የሚቆየው። በምትኩ ከግድግዳው ሥር ጉልበት የሚያህል ቦይ ተቆፍሮ ድንጋይ ተሞላበት፣ ከጣሪያ የሚወርደው ውኃም ከመሠረቱ እንዲርቅ ተደረገ። ስንጥቁ ራሱ ገና አልተደፈነም፤ አንድ ክረምት ካለፈበት በኋላ ይታያል።

ከበጀቱ ሲሶ የሚሆነውን የበላው ሽንት ቤት ነው። ነባሩ ሽንት ቤት ከጓሮ፣ ከቤቱ ራቅ ብሎ የተቆፈረ ጉድጓድ ነበር። ነርሷ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት፣ ጨለማ ውስጥ ሰው ይጠብቀኛል ብላ የምትፈራ ሴት ሌሊት ወደዚያ እንደማትወጣ፣ ባለመውጣቷም ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንደምትጋለጥ አስረድታ፣ ሽንት ቤቱ ከቤት ውስጥ ካልሆነ አልጋ መግዛቱ ዋጋ የለውም አለች። ስለዚህ ከአራቱ ክፍሎች አንዱ ተከፍሎ ሁለት ሽንት ቤትና አንድ መታጠቢያ ተሠራበት፤ አልጋዎቹም በዚህ ምክንያት ተደራራቢ ሆኑ።

የሴፕቲክ ታንኩ ቦታ ብዙ አከራከረ። ከጓሮ ቢቆፈር ከጎረቤት የውኃ ጉድጓድ ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት። በፊት ለፊት፣ ከአጥሩ ሥር ሲቆፈር ግን ርቀቱ ከመጠበቁም በላይ የመምጠጫ መኪናው ቱቦውን ከመንገድ ዘርግቶ ሊመጥ ስለሚችል ሹፌሩም ረዳቱም ግቢ አይገቡም። ወደዚህ ቤት የሚገባው እንግዳ ሰው ባነሰ ቁጥር ይሻላልና ክርክሩን ያሸነፈው ይህ ምክንያት ነበር።

ኅዳር፣ ጣሪያና ብርድ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ብርዱ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ሰው በተኛበት ክፍል የሚወጣው ትንፋሽ ከቀዘቀዘው ቆርቆሮ ጋር ተገናኝቶ ውኃ ይሆንና ሊነጋጋ ሲል አልጋ ላይ ይንጠባጠባል። ይህንን ያወቅነው ሁለት አባላት ለሙከራ አድረውበት ነው፤ ሳይታደርበት ቢከፈት ኖሮ ጠብታው የሚያርፈው በሕፃን ላይ ነበር።

በመጀመሪያ የተሞከረው በየቤቱ የተለመደው የማዳበሪያ ኮርኒስ ነው። ርካሽ ነው፣ በአንድ ቀንም ተወጥሮ ያልቃል። ከጥቂት ሌሊት በኋላ ግን ጠብታውን ይዞ ወደ ታች ረገበ፣ ሽታም አመጣ፤ ተነቀለ። ሁለተኛው ሙከራ ሦስት ነገር ያጣመረ ነበር፦ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ የአየር ማስገቢያ፣ ከሥሩ የቺፕውድ ኮርኒስ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ደግሞ የበግ ሱፍ። ከተማዋ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ትታወቃለች፣ የመንዝ በግ ሱፍም ባናና በርኖስ ሲሠራበት የኖረ ነው፤ ለመፍተል የማይሆነው አጭርና ቆሻሻ ሱፍ በርካሽ ስለሚገኝ በፍል ውኃ ታጥቦ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ በድርብ የማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅጥቆ ተሰፋ።

ሱፉ ብል እንዳይበላው ናፍታሊን ይጨመርበት የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሲስተር አልተስማማችም፤ የናፍታሊን ሽታ ለአንዳንድ ጨቅላ ሕፃናት ደም አደገኛ መሆኑን ገልጻ፣ ሕፃን በሚተኛበት ክፍል ጣሪያ ላይ እንደማይቀመጥ በቃለ ጉባኤ አስጻፈች። ከረጢቶቹ ያለ መድኃኒት ተቀመጡ፤ በመጋቢት ተከፍተው ይታያሉ።

ከሰል መኝታ ክፍል እንዳይገባ የወጣው ደንብ ከሁሉም ደንቦች ይልቅ ለማስፈጸም የሚከብድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በዚህ አገር ብርድ በገባ ጊዜ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ አስገብቶ በር መዝጋት የቆየ ልማድ ነው፤ የከሰል ጭስ ደግሞ ሽታ በሌለው ጋዝ፣ በካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። መከልከል ብቻውን ስላልበቃ ለእያንዳንዱ አልጋ ሁለት ብርድ ልብስና አንድ ጋቢ ተመደበ፣ ማታ ማታ ፍል ውኃ የተሞላ በጨርቅ የተጠቀለለ የፕላስቲክ ዕቃ ለእግር ይሰጣል፤ ቡናው የሚፈላው መስኮቱ ክፍት በሚቆይበት ሳሎን ነው። ለብርድ ልብስ የወጣው ወጪ ከአልጋዎቹ ዋጋ በልጧል።

ኅዳር መጨረሻ፣ መብራትና ወጥ ቤት

የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 3.5 ኪሎ ዋት ስለሚስብ ነባሩ ቀጭን መስመር አልቻለውም፤ ሶኬቱ ቀለጠ። ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከቆጣሪው በቀጥታ ተዘርግቶ የራሱ ባለ 20 አምፔር ብሬከርና ግራውንድ ተሠራለት። መብራት በሚጠፋበት ቀን የሚያገለግል የኩበት ምጣድ ከጓሮ ቀርቷል። የውኃ ፈረቃው ስለማያስተማምን 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ተተክሏል። ወጥ ቤቱ ሁለት ጎን እንዲኖረው የተደረገው ከሸዋ ሮቢትና ከአጣዬ አካባቢ ሙስሊም ሴቶችም እንደሚመጡ ስለታሰበ ነው፤ የዕቃ መደርደሪያው ተለይቷል፣ የጾም ምግብም በተለየ ድስት ይሠራል።

ታኅሣሥ፣ በሩ

የዕቅዱ ሰነድ ላይ «የቤቱ አድራሻ ምሥጢር ይሆናል» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበር። ሰነዱ ሲጻፍ አብነት የሆነን አዲስ አበባ የሚገኘው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር አሠራር ነው፤ ከዚያ የተማርነው ምክርን፣ ሕክምናን፣ የሕግ ድጋፍንና ሙያ ሥልጠናን በአንድነት መስጠትን ነበርና ይህኛው ክፍል በደንብ አገልግሎናል። የምሥጢሩ ጉዳይ ግን ሚሊዮኖች በሚኖሩበት ከተማና ሰው ማን ከማን እንደተወለደ ሳይቀር በሚያውቅበት በእኛ ከተማ አንድ ሊሆን አልቻለም። ተደራራቢዎቹን አልጋዎች የጫነው መኪና ከበሩ በቆመ ዕለት፣ ገና ሳይራገፉ፣ አንዲት ጎረቤት እማማ ከደጃቸው ሆነው «የተደበደቡት ሴቶች ቤት ይኼ ነው ወይ?» ብለው ጠየቁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት አማራጭ ነበር፦ ቤቱን ትቶ ሌላ ፍለጋ መውጣት፣ ወይም ቤቱ እንደሚታወቅ ተቀብሎ ደኅንነቱን በሌላ ነገር ላይ መመሥረት። ሌላ ቤት ቢገኝም በወር ውስጥ እንደዚሁ መታወቁ ስለማይቀር ሁለተኛው ተመረጠ። ከዚህ ውሳኔ ወዲህ ምሥጢር የሚባለው ቤቱ ሳይሆን በውስጡ ማን እንዳለ ነው። ዘበኛዋም፣ ጎረቤቱም፣ የእድሩ አባልም ለሚጠይቅ ሁሉ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፦ «ስለ ሰው ከዚህ ቤት ወሬ አይወጣም»፤ ሴትየዋ ብትኖርም ባትኖርም መልሱ አይለወጥም።

በሩ ከወፍራም ላሜራ ተሠርቶ የጎረቤቶቹን በር ዓይነት ቀለም ተቀባ። ከውስጥ ሁለት መቀርቀሪያ፣ በዓይን ከፍታ የምትከፈት ትንሽ መስኮት፣ ከላይ የውጭ መብራት አለው። ከጓሮ ደግሞ ወደ እማማ ግቢ የሚያሻግር ጠባብ በር ተከፈተ፤ ፊት ለፊት ችግር ቢመጣ ሴቶችና ልጆች በዚያ ይወጣሉ። እማማ በሩ ከሳቸው በኩል እንዳይቆለፍ ተስማምተው፣ በምላሹ የጠየቁት የፈረሰ አጥራቸው እንዲጠገንላቸው ብቻ ነበር።

የማስጠንቀቂያው ነገር ሁለት ጊዜ ተለዋውጧል። ከአዲስ አበባ የተገዛው ባለ ባትሪ ሳይረን በተሞከረ ጊዜ ሰፈሩ የመኪና ድምፅ መስሎት ማንም አልወጣም። ኡኡታ ቢሰማ ኖሮ መንደሩ ሁሉ ዱላ ይዞ እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው ግቢ ሲገባ ውስጥ ያሉት ሴቶች ለሰው ዓይን ይጋለጣሉ። የተስማማንበት መሃለኛው ነው፦ ከዘበኛዋ ክፍል ተነስቶ በእማማ ቤትና በሌላ አንድ ጎረቤት ቤት የሚጮህ ተራ የበር ደወል በሽቦ ተዘረጋ፤ የተጠሩት ጎረቤቶች ከበሩ ውጭ ይቆማሉ እንጂ አይገቡም፤ ለፖሊስ የሚደውለው አንድ የተመደበ ሰው ነው። ኡኡታው ለመጨረሻ ጊዜ የሚቀር ነው። ሳይረኑ በግማሽ ዋጋ ተሸጠ።

ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ቅጾችና ቅብብሎሽ

የመቀበያ ቅጹ በመጀመሪያ ሲዘጋጅ ስምንት ገጽ ነበር። ሲስተር በአንድ ገጽ እንዲጠቃለል አድርጋ ሰዓቱን ከላይ አመጣችው፦ ጥቃቱ የደረሰው መቼ ነው? ምክንያቱም ተገድዳ የተደፈረች ሴት ኤች አይ ቪን የሚከላከለውን መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያውን ደግሞ በ120 ሰዓት ውስጥ ካልጀመረች ጥቅሙ ያልፋል። ስምና ቀበሌ ነገ ሊጻፍ ይችላል። ልብሷ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ይቀመጣል፤ ላስቲክ እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ስለሚያበላሽ የወረቀት ከረጢት ክምር ከመድኃኒት ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጧል።

በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈር ከጋብቻ ውጭ በሚፈጸም ድርጊት የተወሰነ በመሆኑ፣ ባሏ ያስገደዳት ሴት በዚያ አንቀጽ መክሰስ አትችልም። ቅጻችን ግን ልዩነት አያደርግም፤ መድኃኒቱ ለሁሉም ይሰጣል፣ የደረሰው ጉዳትም በዝርዝር ይመዘገባል።

የሕክምና ማስረጃ ትልቁ እንቅፋት ሆኖ ቆይቷል። በከተማው ካሉት የጤና ተቋማት አንዱ ማስረጃውን የሚጽፈው የፖሊስ ደብዳቤ ሲቀርብ ብቻ ነው፤ ፖሊስ ዘንድ ሲኬድ ደግሞ በመጀመሪያ ሕክምናው ይምጣ ይባላል። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ከሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጋር የተዘጋጀ አንድ ወጥ የመሸኛ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ቁጥርና ማኅተም አስቀድሞ ተደርጎበት በእጃችን ስለሚቀመጥ ቅዳሜና እሑድም ይሠራል። እዚህ ላይ የደረስነው ከብዙ ምልልስ በኋላ ነው።

ጥር፣ የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች

ከጥምቀት በፊት ሦስት ሴቶችና አምስት ልጆች ገብተዋል። ከመንዝ የሚመጣው መንገድ በጸጥታ ምክንያት አልፎ አልፎ ስለሚዘጋ አንዷ መሐል ሜዳ ላይ ዘመድ ቤት ከርማ ነው የደረሰችው። ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ በየወረዳው ሴቶችን ለጥቂት ሌሊት የሚያሳድሩ የታመኑ ቤቶችን መመዝገብ ተጀምሯል፤ በዕቅዱ ያልነበረ ሥራ ነው።

ሽማግሌዎች የመጡት ከጠበቅነው ቀድሞ ነው። ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ ሦስት ሰዎች ከበሩ ቆመው ዘበኛዋን «ልጄ፣ ልናስታርቅ እንጂ ልንጣላ አልመጣንም» አሏት። እሷም እንደተማረችው «አባቶቼ፣ ከዚህ ቤት ሰው አይነጋገርም፤ ጉዳይ ካለዎት ሐሙስ ከእድሩ አዳራሽ ይምጡ» ብላ መለሰች። አክብሮቱ ስላልጓደለ ነው እንጂ ይህ መልስ ጠብ ያስነሳ ነበር። ደንቡም እንዲህ ተጻፈ፦ ሽምግልና በማረፊያው አይካሄድም፤ በአዳራሹም የሚካሄደው ሴትየዋ ራሷ ከፈለገች፣ የሕግ ባለሙያችን ከጎኗ ከተቀመጠችና ስለ ወንጀሉ ክስ ላለመነጋገር ሽማግሌዎቹ አስቀድመው ከተስማሙ ነው።

የመጨረሻው ቅድመ ሁኔታ በዘፈቀደ የገባ አይደለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር አጋር ላይ የሚፈጸም የአካል ጉዳት የራሱ ቅጣት የለውም፤ ወደ አጠቃላዮቹ የአካል ጉዳት አንቀጾች ይመራል። በእነዚህ አንቀጾች ደግሞ ቀላል ጉዳት በአብዛኛው የሚያስቀጣው ተጎጂዋ የግል አቤቱታ ስታቀርብ ነው። እንግዲህ «ክሱን አንሺና በሽምግልና እንጨርሰው» የሚለው ግፊት ከተሳካ ፋይሉ በዚያው ይዘጋል ማለት ነው። ጉዳቱ ከባድ ነው ወይስ ቀላል የሚለው የሐኪሙ አጻጻፍ ያን ያህል ክብደት ያለውም ለዚህ ነው። ሽምግልናን በጅምላ የሚጠላ ሰው አይደለሁም፤ በንብረት ክፍፍል ላይ ሽማግሌዎቹ ከፍርድ ቤት ፈጥነው ላሟን ያስመለሱበት ጉዳይ በዚሁ ወር አጋጥሞናል። ላሟንና ክሱን በአንድ ማዕድ ማቅረባቸው ነው ያልተቀበልነው።

ስልክን በሚመለከት የተደረገው ጥንቃቄ ሲም ካርድ መቀየርና ፎቶ አለመለጠፍ ላይ ያተኮረ ነበር። አንዲት እናት ማልዳ ለእኅቷ ስትደውል ግን ከኋላ የቅዳሴው ድምፅ በማጉያ ይሰማ ነበርና፣ ስልኩን አጠገብ ሆኖ ያዳመጠው ባል ቤተ ክርስቲያኑን ለየ፤ በማግሥቱ በዚያ አካባቢ ሲጠይቅ ታየ። የስልክ ሰዓት አሁን ከቀትር በኋላ ብቻ ሲሆን፣ የሚደወለውም በጓሮው በኩል ካለችው ዕቃ ቤት፣ በሩ ተዘግቶ ነው።

የወንዶች ልጆች ዕድሜ ያልተፈታ ጉዳይ ነው። ብዙ ማረፊያዎች ከፍ ያለ ዕድሜ ያለውን ወንድ ልጅ አይቀበሉም፤ ለሌሎቹ ሴቶች ሥጋት ይሆናል የሚል ነው ምክንያቱ። አንዲት እናት የ14 ዓመት ልጇን ከአባቱ ጋር ትታ አልገባም በማለቷ ከደጅ ልትመለስ ደርሳ ነበር። ከሳሎኑ በቺፕውድ የተከፈለች፣ የራሷ መውጫ ያላት ትንሽ ክፍል ተሠራች፤ እናትና ልጅ በዚያ ያድራሉ። ለሁለተኛ እንዲህ ዓይነት ቤተሰብ ግን ቦታ የለንም።

የልጆቹ ትምህርት ቤት መሸኛና የውጤት ካርድ ይጠይቃል፤ መሸኛው ሲጠየቅ ደግሞ አዲሱ ትምህርት ቤት ለቀድሞው፣ በእሱም በኩል ለአባት ይታወቃል። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰነዱን በራሱ ስም ተቀብሎ እንዲያስተላልፍ ተደርጓል።

የካቲት፣ የቆርቆሮ ሣጥኑ

ግንባታው ካለቀ ወዲህ ሥራው ወደ ወረቀት ዞሯል። ሦስት ወር የሚለው ዕቅዳችን የፈረሰው በዚህ ወር ስለሆነ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ከደጋው የመጣች አንዲት እናት ቁስሏ ሳይድን ልመለስ አለች። ባሏን ናፍቃ ወይም ተታልላ ነው ብለው የደመደሙ አባላት ነበሩ፤ አማካሪዋ ቁጭ ብላ ስታነጋግራት ግን ጉዳዩ ሌላ ሆነ። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፣ ውቂያው እየተጠናቀቀ ነው፤ ከአውድማው ካልተገኘች ድርሻዋ ከባሏ ወንድሞች ጎተራ ይገባል። የበልግ ዝናብ ጠብ ማለት ሲጀምርም ማሳው ካልታረሰ፣ ወይም ለእኩል አራሽ ያለ እሷ ከተሰጠ፣ የዓመት ቀለቧ ሄደ ማለት ነው። ለገበሬ ሴት የሦስት ወር ዕረፍት የሚባለው ከአዝመራው አቆጣጠር ጋር ካልተያያዘ ሊሠራ እንደማይችል ማንኛችንም በዕቅዱ አላሰብንበትም፤ ዕቅዱን ያወጣነው ሁላችንም የከተማ ሰዎች ነን።

በክልሉ የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ ይሰፍራል። ይህ ትልቅ መብት ነው፤ ችግሩ ደብተሩ የሚቀመጠው በባልየው ሣጥን ውስጥ መሆኑ ነው። ሴትየዋ ሌሊት ስትወጣ ልጇን አዝላ እንጂ ደብተር ይዛ አይደለም። የሕግ ባለሙያችን መዝገቡ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መኖሩን ተከትላ፣ በሴትየዋ ፊርማ የይዞታ ማስረጃ እንዲሰጥ፣ መሬቱም ያለ እሷ ፈቃድ እንዳይከራይ በጽሑፍ ጠየቀች። በአንድ ወረዳ በሳምንት ተሰጠ፤ በሌላው «ባልየው ቀርቦ ይፈርም» ተብሎ ተመለሰና አቤቱታ ቀርቦበታል።

ከዚህ በመነሣት ሁለት ነገር ተለወጠ። አንደኛ፣ ለእያንዳንዷ ነዋሪ ቁልፍ ያለው አንዳንድ የቆርቆሮ ሣጥን ተገዛ፤ የይዞታ ማስረጃ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆች የልደትና የክትባት ካርድ፣ የሕክምና ማስረጃና የክሱ ቅጂ በዚያ ይቀመጣል፤ ቁልፉ ከራሷ ጋር ሲሆን የሁሉም ቅጂ በሕግ ባለሙያችን ቢሮ ይገኛል። ሁለተኛ፣ ወጥታ የምትመለስ ሴት እንደ አዲስ አመልካች አትታይም። ለውቂያ፣ ለዘር ወይም ለፍርድ ቀጠሮ ስትሄድ ከሄደችበት የምትደውልበት ሰዓትና በሰዓቱ ካልደወለች ማን እንደሚነሣ በጽሑፍ ይያዛል፤ አልጋዋ ለሁለት ሳምንት ይጠበቃል። ከአባላት አንዷ ይህ «ለመመለስ ማበረታታት ነው» ብላ ተቃውማለች፣ ተቃውሞዋም በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል። እኔ አልተስማማሁም፤ በር ዘግተን ብናስቀራት ተደብቃ መሄዷ አይቀርም፣ ያን ጊዜ የት እንዳለች የሚያውቅ አይኖርም።

በሕጉ በኩል ያለው ክፍተት እዚህ ላይ ይጎላል። ባል ከሚስቱ እንዲርቅ የሚያዝ፣ ከፍቺም ከወንጀል ክስም ተለይቶ የሚሰጥ የጥበቃ ትእዛዝ በሕጋችን የለም። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 82 ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አጠባበቅና ከሁለቱ አንዱ የጋራ መኖሪያውን ለቆ እንዲወጣ ጊዜያዊ ትእዛዝ መስጠት ይችላል፤ ያ ግን የፍቺ ጥያቄ ከቀረበ በኋላ ነው። ክልሉም የራሱ የቤተሰብ ሕግ ያለው በመሆኑ የሕግ ባለሙያችን አቤቱታውን በዚያ መሠረት ነው የምታዘጋጀው። ፍቺ የማትፈልግ፣ ድብደባው ብቻ እንዲቆምላት የምትፈልግ ሴት የምትገባበት በር አይታየኝም፤ ከገቡት ውስጥ ብዙዎቹ ደግሞ እንደዚያ ያሉ ናቸው።

መጋቢት፣ ሱፍ፣ ሒሳብና ቀሪ ሥራ

የሱፍ ከረጢቶቹ ተከፈቱ። ከአየር ማስገቢያው አጠገብ የነበሩት ሁለቱ ብል ገብቶባቸዋል፤ የተቀሩት ደኅና ናቸው። የተበሉት ተቃጠሉ፣ የወንፊት ሽቦውም ቀዳዳው ደቃቅ በሆነ ተተካ። የሌሊቱ ጠብታ ሙሉ በሙሉ ቆሟል፤ በዚህ ረገድ ሱፉ ከገንዘቡ በላይ ሠርቷል።

የሙያ ሥልጠናው በልብስ ስፌት ተጀምሮ ነበር። ሁለት የእግር መኪናዎች በስጦታ ተገኙ፣ አሠልጣኝም ተቀጠረች፤ ሴቶቹ ግን ስፌቱን ሳይለምዱ የመውጫ ጊዜያቸው ይደርሳል፣ ቢለምዱም መኪና መግዣ የላቸውም። ከመንዝ የመጡት ሁለቱ ግን እንዝርት ሲሰጣቸው ማንም ሳያሠለጥናቸው ሱፍ ይፈትሉ ጀመር፤ ፈትሉን የባና ሠሪዎች በሳምንት ገበያ ይገዛሉ። ገቢው ትንሽ ነው፣ ለቤት ኪራይ አይበቃም፣ ወደ ገጠር ለምትመለስ ሴት ግን የራሷ ብር ነው። መኪናዎቹ በከተማው ለመቅረት ለወሰኑት ብቻ ይቀጥላሉ።

የወጪውን ዝርዝር በሙሉ ለእድሩ ጉባኤ አቅርቤአለሁና እዚህ አልደግመውም። ከግንባታው ይልቅ ያስደነገጠን የወር ወጪው ነው፦ ትራንስፖርት ከምግብ ይበልጣል። አንዲት ሴት ለምስክር፣ ለቀጠሮና ለወረዳ ጉዳይ ስትመላለስ ብቻዋን ስለማትላክ የሁለት ሰው ትኬት፣ አንዳንዴም የአዳር ይከፈላል፤ ቀጠሮ በተላለፈ ቁጥርም ይኸው ይደገማል። ለሚቀጥለው ዓመት የተዘጋጀው በጀት ለምስክሮችም መጓጓዣ መድቧል፤ ከቀበሌ መጥታ የመሰከረች ጎረቤት የትኬቷን ካልከፈልንላት ሁለተኛ አትመጣም።

ለበልግ ዘር ወደ ደጋው የሄደችው እናት በተባለው ሰዓት እየደወለች ነው፤ አልጋዋ ተጠብቋል። አቤቱታ የቀረበበት ወረዳ ገና መልስ አልሰጠም። በሰሜኑ በኩል ያለው የጣሪያ አሸንዳ አልተጠናቀቀም፣ የቆርቆሮ ሣጥኖቹም አልቀው ሁለት ተጨማሪ ታዘዋል። አሸንዳው እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ካልተገጠመ በዕቃ ቤቱ ያለው ገብስና ባቄላ ወደ ሳሎን ይወጣል፤ የስልክ ክፍሉም ለጊዜው ወደ እማማ ቤት ይዛወራል፣ እሳቸውም ተስማምተዋል።